ከባሕር ዳር እስከ ቪየና፦ አንድ የምርምር ፖስተር የሚጓዘው መንገድ

የአውሮፓ የምድር ሳይንስ ኅብረት (ኢ.ጂ.ዩ.) በ2002 እ.ኤ.አ. ሁለት ማኅበራት ተዋህደው የፈጠሩት ድርጅት ነው። ከ2005 ጀምሮ ዓመታዊ ጉባኤውን የሚያካሂደው ቪየና ላይ ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ፖስተር ይሰቀልበታል። ይህ ማስታወሻ ከእነዚያ የአንዱን መንገድ ይከተላል፦ ከጣና በስተደቡብ ባለ የዋልካ አፈር ላይ ስለሚሰፋ ቦረቦር የተሠራ ፖስተር ነው። ጉባኤውና ርዕሱ ቢለዋወጥም ሥራው ያው ነው። በሁለት ሜትር ርቀት የሚያልፍን ሰው ማስቆም፣ ከቆመም በኋላ ማነጋገር።

ከኅዳር እስከ መጋቢት

አብስትራክት (የሥራው አጭር ማጠቃለያ) መቀበል የሚዘጋው በጥር መጀመሪያ ገደማ፣ በፈረንጆቹ የጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነው። የጉዞ ድጋፍ የሚፈልግ ግን ኅዳር ላይ ጨርሶ ማስገባት አለበት። ብዙ የእኛ ተማሪዎች ድጋፉ የሚያልፋቸው ሥራቸው ደካማ ሆኖ ሳይሆን ይህን ቀን ባለማወቃቸው ነው።

ስም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የምዝገባው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ያለው የአባት ስም ነው። አብስትራክቱ፣ ምዝገባው፣ የግብዣ ደብዳቤውና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል አጻጻፉ አንድ ሆሄ እንኳ ሊለያይ አይገባም። በአብስትራክቱ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት የተጻፈ «ጸጋዬ» ለቪዛ መርማሪው ሁለት ሰው ነው።

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀርባል፤ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ሲቀር ነው። ውሳኔው በ15 ቀን ውስጥ ይሰጣል ቢባልም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ስለሚችል ገደቡን መጠበቅ አደጋ አለው። የአዋቂ ክፍያው ከ2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ከመሥሪያ ቤት የሚጻፈው ደብዳቤ ሦስት ነገር በግልጽ ይበል፦ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ አመልካቹ በምን የሥራ መደብ ላይ እንዳለ፣ መቼ ወደ ሥራው እንደሚመለስ።

ሐሙስ፣ ባሕር ዳር

ሥራው የሚጀምረው በሜትር ነው። ኢ.ጂ.ዩ. የሚያዘጋጀው የፖስተር መስቀያ ሰሌዳ ወርዱ 197፣ ቁመቱ 100 ሴ.ሜ. የሆነ አግድም ሰሌዳ ነው። አገር ቤት የለመድነው ደግሞ ኤ ዜሮ ወረቀት፣ 84.1 በ118.9 ሴ.ሜ.፣ ቁሞ ነው። ያን ይዞ የሄደ ሰው ፖስተሩ ሰሌዳውን በ19 ሴ.ሜ. ያህል ያልፍበታል፤ መደምደሚያው ያለበት ጫፍ ከሰሌዳው በታች ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ኤ ዜሮን እናጋድመዋለን። መሀል ላይ ሲሰቀል በግራና በቀኝ 39 ሴ.ሜ. ያህል ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ያም ይጠቅማል።

ሰሌዳውን ሙሉ ለመሸፈን የሚፈልግ ሰው ፓወር ፖይንት ላይ እንቅፋት ይገጥመዋል። የስላይዱ ትልቁ ጎን ከ142 ሴ.ሜ. በላይ አይሄድም። መፍትሔው በግማሽ መጠን፣ 98.5 በ50 ሠርቶ ማተሚያ ቤቱ 200 በመቶ እንዲያሳድገው መንገር ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ 14 ነጥብ የሆነው ፊደል በወረቀት ላይ 28 ይሆናል።

ገጹን እንዲህ እንከፍለዋለን። በዙሪያው 3 ሴ.ሜ. ኅዳግ፣ በአምዶቹ መካከልም 3 ሴ.ሜ. ክፍተት። የግራውና የቀኙ አምድ 30 ሴ.ሜ. ናቸው፤ መሀለኛው 47 ሴ.ሜ. ገደማ ይደርሰዋል። ላዩ ላይ 12 ሴ.ሜ. ያህል ለርዕስ ይተዋል። መሀለኛው አምድ ሰፋ ያለው በምክንያት ነው፦ ዋናው ግራፍ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ዋናው ግራፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አማካሪዎች ብዙ ጊዜ «ያ ደግሞ ይግባ፣ ይህም ይጨመር» ይላሉ፤ እዚህ ላይ በአክብሮት መከራከር ይገባል። ስምንት ትንንሽ ግራፍ ያለው ፖስተር ፊት የሚቆም ሰው የትኛውን እንደሚያይ ሳያውቅ ያልፋል።

ርዕሱ ውጤቱን ይናገር። «በዋልካ አፈር ላይ የቦረቦር መስፋፋት ጥናት» ማለት የሥራውን ዓይነት ብቻ ይነግራል። «የቦረቦሩን ግድግዳ የሚንደው ጎርፉ ብቻ ሳይሆን የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ነው» ማለት ግን የሚስማማውንም የማይስማማውንም ያስቆማል። በ2019 ማይክ ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ የፖስተሩን መሀል ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚሰጥ አቀራረብ በቪዲዮ አስተዋውቆ ብዙ ተከታይ አግኝቷል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለእኛ ሙያ ዓረፍተ ነገሩ ርዕስ ላይ ቢወጣና መሀሉ ለግራፉ ቢተው ይሻላል፤ የውሃ ባለሙያ ዳታ ሳያይ አያምንምና።

የፊደል መጠን፦ ርዕስ ከ90 እስከ 100 ነጥብ፣ ንዑስ ርዕስ ከ44 እስከ 48፣ ዝርዝሩ ከ28 እስከ 32፣ የግራፍ ላይ ጽሑፍ ከ24 የማያንስ። የሁሉም ቃል ድምር ከ500 ባይበልጥ ይመረጣል። ግራፍ ሲሰፋ ፊደሉም አብሮ እንደሚሰፋ አስቦ መሥራት ነው፦ በ16 ሴ.ሜ. ስፋት፣ በ10 ነጥብ ፊደል የተሠራ ግራፍ ወደ 47 ሴ.ሜ. ሲሰፋ ፊደሉ ወደ 29 ነጥብ ይደርሳል፤ በቂ ነው። ግራፉን መጀመሪያውኑ በ40 ሴ.ሜ. በዚያው ፊደል የሠራ ግን 12 ነጥብ ገደማ ላይ ይቀራል፤ ያንን ማንም ቆሞ አያነበውም።

ፎቶ ደግሞ ፒክሰሉ ይቆጠር። በወረቀት ላይ 20 ሴ.ሜ. የሚሰፋ ፎቶ በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) ወደ 1,200 ፒክሰል ስፋት ይፈልጋል፤ 47 ሴ.ሜ. የሚሰፋው 2,800 ገደማ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ስለሚጨመቅ ለኅትመት አይበቃም፤ «እንደ ፋይል» ማስላክ ነው። ፓወር ፖይንትም ራሱ ሲያስቀምጥ ምስል ስለሚጨምቅ ያንን ምርጫ ከሴቲንጉ ላይ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ቀይና አረንጓዴን ጎን ለጎን አታስቀምጡ። ከወንዶች ወደ 8 በመቶ የሚሆኑት ሁለቱን ለመለየት ይቸገራሉ። ለካርታና ለሙቀት ልኬት ቪሪዲስ ወይም ባትሎ የተባሉት የቀለም መሰላሎች ጥሩ ናቸው፤ በጥቁርና ነጭ ቢታተሙ እንኳ ደረጃቸው ይለያል። ካርታው ላይ ስኬል፣ የሰሜን ቀስትና ኢትዮጵያ አፍሪካ ውስጥ የት እንዳለች የሚያሳይ ትንሽ ካርታ ይግቡ። ዳታው በእኛ አቆጣጠር የተመዘገበ ከሆነ ወደ ፈረንጅ ቀን መቀየሩን በእያንዳንዱ ግራፍ ላይ ማረጋገጥ ነው፤ የሰኔ ዝናብ ሜይ ላይ የወደቀበት ግራፍ ሙሉውን ሥራ ያስጠረጥራል። ክረምት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር መሆኑም ይጻፍ፤ ለአውሮፓዊው ያ በጋው ነው።

ማታ ሁለት ፍተሻ። ፖስተሩን በኤ ፎር ወረቀት ማተም፦ ከኤ ዜሮ ወደ ኤ ፎር ሲወርድ ልኬቱ በአራት ስለሚካፈል 28 ነጥብ የነበረው 7 ይሆናል። በእጅ ይዘውት የሚነበብ ከሆነ ትልቁም ይነበባል። ቀጥሎ ዋናውን ግራፍ ብቻ በትክክለኛ መጠኑ በኤ ፎር ወረቀቶች ከፋፍሎ አትሞ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ሁለት ሜትር ርቆ መቆም። ሥራውን የማያውቅ ሰው ጠርቶ «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ከርዕሱ ጋር ካልገጠመ የሚስተካከለው ግራፉ ነው።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ለማተም ሦስት አማራጭ አለ። በመንገዱ ሁሉ የሚገኘው ባነር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ውሃ አይነካውም። ነገር ግን ከሩቅ ለሚታይ ማስታወቂያ የሚታተም ስለሆነ ትንንሽ ፊደልና ቀጭን መስመር ላይ ይደበዝዛል፣ ይከብዳል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል። እኛ ለሳይንስ ፖስተር አንመክረውም። ሁለተኛው የሥነ ሕንፃ ፕላን የሚያትሙ ቤቶች ያላቸው ፕሎተር፣ በሰፊ የወረቀት ጥቅል ላይ የሚያትም ማሽን ነው፤ ለእኛ ሥራ የሚስማማው እሱ ነው። ሦስተኛው ፋይሉን ቀድሞ ልኮ ቪየና ላይ አሳትሞ መቀበል ነው፤ ፖስተር ተጠቅልሎ ከሚጓዝበት ቱቦ ጣጣ ያድናል፣ ዋጋው ግን በዩሮ ነው፤ የታተመው ላይ ስሕተት ቢገኝም የማስተካከያ ጊዜ የለም። ጨርቅ ላይ የሚያትም ቤት ከተገኘ ከሁሉም ይቀላል፤ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ፕሎተር ቤት ከመሄድ በፊት ደውሎ የጥቅሉን ስፋት መጠየቅ ይገባል። የተለመደው 91 ሴ.ሜ. ነው። የተጋደመ ኤ ዜሮ 84.1 ሴ.ሜ. ቁመት ስላለው በዚህ ላይ ይታተማል። 100 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው ፖስተር ግን 107 ሴ.ሜ. የሆነ ጥቅል ይፈልጋል፤ ያ ሁሉም ጋ የለም። ወረቀቱ ከ170 እስከ 200 ግራም፣ ብዙ የማያብረቀርቅ ይሁን። የሚያብረቀርቀው ከአዳራሹ መብራት በታች ግራፉን በነጭ ነጸብራቅ ይሸፍነዋል። ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ መደብም አይመከርም፦ ብዙ ቀለም የጠጣ ወረቀት ይጨማደዳል፣ የእጅ አሻራም ይይዛል።

ፋይሉ ፒዲኤፍ ብቻ ይሁን። የፓወር ፖይንቱ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ስለሚቀየር አንቀጹ ከሳጥኑ ይፈስሳል፣ እንደ «µ» እና «±» ያሉ ምልክቶች ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። በሁለት ፍላሽ፣ በተጨማሪም በኢሜይል መያዝ ጥሩ ነው። የማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ስለሚችል ዋናው ቅጂ ያለበት ፍላሽ ከኪስ አይውጣ።

ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ባለሙያው የመረጠውን መጠን በዓይን ማየት ያስፈልጋል፦ 100 በመቶ መሆን አለበት። «ገጹን አስተካክል» የሚለው ምርጫ ከተነካ ሳይታወቅ ያሳንሰዋል። በስክሪን ደምቆ የታየው አረንጓዴና ብርቱካናማ በወረቀት ላይ ይፈዛል፤ ስለዚህ ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ክፍል አስቀድሞ በሙከራ ማሳተም ተገቢ ነው። ቀጫጭን ነጭ መስመሮች በአግድም ከታዩ የማሽኑ ቀለም መርጫ ተደፍኗል፤ እንዲያጸዱት መጠየቅ መብት ነው። መብራት ከሄደ ፕሎተሩ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ያ ወረቀት ተበላሽቷል። ለዚህ ነው ኅትመት ከበረራው ዕለት ጠዋት ማለፍ የሌለበት፤ ዓርብ ይሻላል።

ከታተመ በኋላ ቀለሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይድረቅ። ሲጠቀለል የታተመው ገጽ ወደ ውጭ ይሁን፣ ከላዩ ስስ ወረቀት ይጠምጠምበት። ገጹ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲሰቀል ጠርዞቹ ወደ ተመልካቹ ይነሳሉ፤ ወደ ውጭ ከሆነ ግን ወደ ሰሌዳው ይተኛሉ። ፖስተሩ ላይ ኪው አር ኮድ ካለ እሱንም ከስክሪን ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ በስልክ መሞከር ነው። በአንድ ሜትር ርቀት እንዲነበብ ጎኑ 10 ሴ.ሜ. ይሁን፤ ቢያንስ ግን 5።

ቅዳሜ ሌሊት፣ ቦሌ

ቱቦው በእጅ ይያዝ፤ እንደ ጭነት አይሰጥ። ለእጅ ሻንጣ ከሚፈቀደው ልክ ስለሚረዝም ሠራተኛው ሊጠይቅ ይችላል፤ ፖስተር መሆኑን አስረድቶ የጉባኤውን ደብዳቤ ማሳየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ውጪው ላይ ስምና ስልክ ይጻፍበት። ቱቦ የሚጠፋው በፍተሻ ማሽኑ ማዶና በአውሮፕላኑ የሻንጣ መደርደሪያ ላይ እየተረሳ ነው። ፒዲኤፉ ስልክ ላይ ይኑር፤ ቱቦው ቢቀር ቪየና ላይ ዳግም ይታተማል።

እሑድ፣ ቪየና

የበረራው ጊዜ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ኤስ 7 የተባለው ባቡር ወደ ፕራተርሽቴርን ያደርሳል፤ ከዚያ ዩ 1 ሜትሮ በሌዎፖልዳው አቅጣጫ እስከ ካይዘርሚውለን። ስትወጡ የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃዎች ይታያሉ፤ ጉባኤው የሚካሄድበት ኦስትሪያ ሴንተር ከእነሱ አጠገብ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው የትኬት ክልል ውጭ ስለሆነ የከተማ ትኬት ብቻውን አይበቃም። ወደ ባቡሩ ሲገባ ትኬት ካልታየ የማያሳልፍ በር የለም፤ ተቆጣጣሪ ግን በድንገት ይመጣል፣ ቅጣቱም ከባድ ነው።

ዛሬውኑ ባጅ መውሰድ ይጠቅማል፤ ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነው። ከዚያ ሰሌዳውን በአካል ሄዶ ማየት ነው። ቁጥሩ የአዳራሹን ስምና የሰሌዳውን ተራ ይይዛል፤ በኤክስ የሚጀምሩት አዳራሾች ሰፊ ስለሆኑ ማክሰኞ ጠዋት ቱቦ ይዞ መፈለግ ጊዜ ይበላል።

ሰዓት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ቪየና በሚያዝያ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። መርሐ ግብሩ ላይ 10:45 የሚለው ደግሞ በእኛ አጠራር ከጠዋቱ 4:45 ነው። ስልኩ በራሱ ይስተካከል፣ ማንቂያውም በእነሱ አቆጣጠር ይሞላ። አገር ቤት ላለ አማካሪ «5:45 ላይ አቀርባለሁ» ብሎ መንገርም አብሮ ይታሰብ።

ሰኞ

ፖስተር የሌለበት ቀን ትልቁ ትምህርት ቤት ነው። አዳራሹን በዝግታ መዞርና ሰው የሚቆምበትንና የማይቆምበትን ማየት ነው። አቅራቢው ሰሌዳው መሀል ላይ ቆሞ ግራፉን የጋረደበት፣ ስልኩን የሚነካካበት፣ ከጓደኞቹ ጋር በአገሩ ቋንቋ ክብ ሠርቶ የሚያወራበት ቦታ ባዶ ይሆናል።

ማታ ንግግሩን መለማመድ። ሁለት ዓይነት ይዘጋጃል፦ የ30 ሰከንድና የሁለት ደቂቃ። ሁለቱም ከውጤቱ ይጀምራሉ እንጂ ከ«በኢትዮጵያ የአፈር መሸርሸር ትልቅ ችግር ነው» አይደለም፤ ያን እዚያ የመጣው ሁሉ ያውቀዋል። ጮክ ብሎ፣ ቆሞ፣ በእጅ ግራፉን እያሳዩ መለማመድ ይበጃል።

ማክሰኞ

ከ8:30 በፊት አዳራሹ ውስጥ መሆን። የላይኞቹን ሁለት ማዕዘናት መጀመሪያ፣ ከሰሌዳው ላይኛ ጠርዝ እኩል 8 ሴ.ሜ. እየለኩ ማጣበቅ፤ ከዚያ መሀሉን በእጅ ወደ ታች እየዳበሱ ታችኞቹን። ሰሌዳው መርፌ ይቀበል ወይም ማጣበቂያ ብቻ መሆኑ መመሪያው ላይ አለ፤ ያም ሆኖ የራስን ማጣበቂያ መያዝ አይከፋም። በቀኝ በኩል በቀረው ባዶ ቦታ ላይ የኤ ፎር ቅጂዎች የያዘ ኤንቬሎፕና «ከ10:45 እስከ 12:30 እዚህ ነኝ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ለተማሪዎች ሽልማት የተመዘገበ ሰው የውድድሩን ምልክት ፖስተሩ ላይ ማድረጉን ያረጋግጥ፤ ዳኞች የሚለዩት በእሱ ነው።

ፖስተሩ ግማሽ ቀን ይሰቀላል፣ ከአቅራቢው ጋር የሚታየው ግን 105 ደቂቃ ነው። አቆሙ በሰሌዳው ጎን፣ ፊት ወደ መተላለፊያው ይሁን። ሰው መጀመሪያ ባጅ ያነብባል፣ ቀጥሎ ርዕስ፣ ከዚያ ግራፍ። ለዚያ አምስት ሰከንድ ይሰጠው፤ ወዲያው ማውራት ያባርራል። ዓይኑ ግራፉ ላይ ሲያርፍ «በአጭሩ ልንገርህ?» ማለት ነው። ወይም «አንቺ በምን ላይ ነው የምትሠሪው?» ብሎ መጠየቅ፤ መልሷ የትኛውን ክፍል ማስረዳት እንደሚገባ ይነግራል።

የእኛ ግራፍ ላይ ሁልጊዜ የሚያሳስተው ነገር አለ። ዝናቡ ከላይ ወደ ታች ተሰቅሎ ይሣላል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቀትም ዜሮው ከላይ ነው። የውሃ ባለሙያ ወዲያው ይገባዋል፤ የሥነ ምድር ሰው ግን መስመሩ ሲወጣ ውሃው የራቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ዜሮው ላይ ደማቅ ቡናማ መስመር ተሥሎ «የመሬት ገጽ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ የቦረቦሩ ወለል ጥልቀትም በሌላ መስመር። ያኔ ንግግሩ ጣት ብቻ ይሆናል፦ «ውሃው ይህን መስመር ሲያልፍ ግድግዳው ከግርጌው ይርሳል፣ ጉልበቱን ያጣል፣ ይናዳል።»

ጥያቄዎቹ ይታወቃሉ። የውሃ መለኪያ ጉድጓዶቹ ስንት ናቸው፣ በየስንት ጊዜው ተነበቡ? የናደው ከላይ የመጣው ጎርፍ አለመሆኑን በምን ለያችሁ? አንድ ክረምት ብቻ ከሆነ ዝናቡ ከአማካዩ የራቀ ዓመት አልነበረም? ለእነዚህ ቁጥሩ በቃል ይያዝ። የማይታወቅ ከሆነ «አላየነውም፤ ልጻፈው» ብሎ ማስታወሻ ደብተር ማውጣት ክብር አለው። ግምትን እንደ ውጤት መናገር ግን ጠያቂው ባለሙያ ከሆነ ወዲያው ያጋልጣል።

አንዱን እያስረዱ ሌላ ሲመጣ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ በዓይን መቀበልና «የከርሰ ምድር ውሃው ስለሚንደው ግድግዳ ነው እያወራን ያለነው» ብሎ ማስገባት ነው። ሃያ ደቂቃ የሚይዝ ሰው ካጋጠመ ከሰዓት በኋላ ለቡና መቅጠር ይቻላል። ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ይያዝ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድምፅ ይዘጋል። እያንዳንዱ ጎብኚ እንደ ሄደ ስሙ፣ የጠየቀውና የተገባለት ነገር በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ከአምስት ሰው በኋላ ይደባለቃል።

የማሳያው ጊዜ እንዳበቃ ፖስተሩ ይነሳ። ያልተነሳውን አስተናጋጆቹ ያስወግዱታል።

ረቡዕና ሐሙስ

ትላንት ለተገኙት ሰዎች ኢሜይል ይላክ፦ ሦስት መስመር፣ የተጠየቀው ነገርና ፒዲኤፉ። ከጉባኤው በኋላ የሚላክ ኢሜይል ከመቶ ሌሎች ጋር ይቀበራል። ፒዲኤፉን በጉባኤው ገጽ ላይ ከመጫን በፊት የጋራ ጸሐፊዎቹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ በተለይ ውጤቱ ገና ለመጽሔት ካልተላከ።

ቀሪው ጊዜ ለስብሰባዎች ነው። ሐሳብን ወደ ጎረቤት ሙያ ማዞር ይጠቅማል፦ የዋልካ አፈር የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ስለሆነ የመንገድና የመሬት መንሸራተት ሰዎችም የሚሠሩበት ነው።

ዓርብ፣ ወደ አገር ቤት

የተሳትፎ ምስክር ወረቀቱ አይረሳ። የውሎ አበል ሂሳብ ለማወራረድ የመሳፈሪያ ወረቀቱ የሁለቱም በረራ ቁራጭ፣ የሆቴሉ ኦሪጅናል ደረሰኝ፣ የምዝገባው ክፍያ ማረጋገጫና የባቡር ትኬቶቹ በአንድ ኤንቬሎፕ ይሰብሰቡ። በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚጠፋ እዚያው በስልክ ፎቶ ይነሳ። በስልክ ብቻ የመሳፈሪያ ወረቀት የያዘ ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ባለው የአየር መንገዱ መስተንግዶ ላይ በወረቀት እንዲያትሙለት ይጠይቅ፤ የፋይናንስ ክፍሎች ብዙዎቹ ያለ እሱ ሂሳብ አይዘጉም።